ሚዛኑ ከሚቆምበት በላይ

ምዕራፍ 7

ሁለት መቶዎች

የ7ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ታርሞ ተመለሰ እንበል። ሁለት ተማሪዎች ደፍነዋል፤ መቶ ከመቶ። መምህሩ ሁለቱንም አስጨበጨበላቸው፣ ሮስተሩ ላይ ሁለት እኩል ቁጥሮች ሰፈሩ፣ በሁለቱም ቤት ደስታ ሆነ። አንደኛዋ ዓመቱን ሙሉ መልመጃ ሳትዘል የሠራች፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ላብ አጥምቋት የመለሰች ልጅ ናት። ሁለተኛው ፈተናውን በሩብ ሰዓት ጨርሶ ቀሪውን ጊዜ በመስኮት ሲያይ ያሳለፈ ነው። የ10ኛ ክፍሉን ፈተና ቢያስቀምጡለትም ይሠራው ነበር። ወረቀቱ ግን ይህን አይናገርም። እንደ ወረቀቱ ከሆነ ሁለቱ ልጆች አንድ ናቸው።

በምዕራፍ 3 ማንኛውም ፈተና የሚለካበት የራሱ ወሰን እንዳለው ተነግሯል። እዚያ የታየው የታችኛው ጫፍ ነበር፤ ፈተናው ከልክ በላይ ሲከብድ እጅግ የተለያየ ችግር ያለባቸው ልጆች ሁሉ ዜሮ አጠገብ ተከማችተው አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አሁን ወደ ላይኛው ጫፍ እንውጣ። የላይኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል፤ ምክንያቱም መቶ ያመጣ ልጅ ችግር አለበት ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

በጉልት የምትነግድ ሴት የምታንጠለጥለውን ባለ ሞላ ሚዛን እናስብ። እስከ 10 ኪሎ ይለካል። 3 ኪሎ ሽንኩርት ሲሰቀልበት 3 ይላል፤ 8 ሲሰቀልበት 8። 12 ኪሎ ሲሰቀልበት ጠቋሚው 10 ላይ ደርሶ ይቆማል። ሃምሳ ኪሎ ቢሰቀልበትም ያው 10 ላይ ይቆማል። ሚዛኑ አልተበላሸም። ለተሠራበት ገበያ ትክክለኛ ሚዛን ነው። ከ10 በላይ ያለውን ግን ሁሉንም «አሥር» ብሎ ይጠራዋል። የመለኪያ ባለሙያዎች ይህን የጣሪያ ችግር ይሉታል፤ ተፈታኞቹ ከፈተናው ጣሪያ በላይ ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይጠፋል ማለት ነው።

ይህ የባለሙያዎች ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምዕራፍ ባላስፈለገው። ነገር ግን በተለያየ አገር በየዓመቱ፣ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉባቸው የእረፍት ወራት፣ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ይገባሉ፤ ዶርም ይመደባሉ፣ በካፌ ይመገባሉ፣ ሦስት ወይም ስድስት ሳምንት አንድ ትምህርት ብቻ ይማራሉ። እነዚህ የክረምት አዳሪ ፕሮግራሞች ለምን እንደተፈጠሩና ለምን በዚህ መልክ እንደተዘጋጁ ለመረዳት ቁልፉ ያ ጠቋሚ የቆመበት ቦታ ነው።

የባልቲሞሩ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካዋ የባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ የክረምት የኮምፒውተር ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከአዋቂዎቹ ተማሪዎች መካከል ጆሴፍ ቤትስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ተቀምጧል። ወላጆቹ እዚያ ያስገቡት የራሱ ክፍል ሒሳብ ስላሰለቸው ነው። እዚህም ብዙ ሳይቆይ ክፍሉን ቀደመና ፎርትራን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ያስረዳ ጀመር። መምህሯ ምን እንደምታደርገው ግራ ሲገባት ለአንድ ባልደረባዋ ነገረችው። ሰውዬው ጁሊያን ስታንሊ ይባላል።

ስታንሊ የሒሳብ ሰው አልነበረም። ሙያው መለካት ነበር፤ ፈተና እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚታመን የሚያጠና የሥነ ልቦና ሊቅ። የሒሳብ ሊቅ ቢሆን ልጁን አንድ ከባድ ጥያቄ ጠይቆት ተደንቆ ይሸኘው ይሆናል። የመለኪያ ሰው ግን የመጀመሪያ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ይህ ልጅ በየትኛው ሚዛን ነው የተመዘነው?

የተመዘነው በእኩዮቹ ሚዛን ነበር። ስታንሊ ሚዛኑን ለወጠው። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ለልጁ ኤስኤቲን ጨምሮ ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ የተዘጋጁ የ17ና የ18 ዓመት ወጣቶች የሚፈተኗቸውን ፈተናዎች ሰጠው። የልጁ ውጤት ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ለመግባት ከሚያስፈልገው በላይ ሆነ። ስታንሊ ልጁን የሚቀበልና ከፍ ያለ ሒሳብ የሚያስተምር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈለገ፤ አላገኘም። በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊ አሳምኖ ቤትስ በ13 ዓመቱ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ ተመዘገበ። በ17 ዓመቱ በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያና የማስተርስ ዲግሪውን ይዞ ነበር። በኋላም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ስሙ የሚጠራ ሆነ።

ስታንሊን ያሳሰበው ግን የዚህ ልጅ ዕድል መሳካቱ አልነበረም። ቤትስ እንዲገኝ ያደረገው የአጋጣሚ ሰንሰለት ነው፤ ወላጆቹ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባይኖሩ፣ መምህሯ ዝም ብትል፣ ስታንሊ ራሱ የመለኪያ ሰው ባይሆን ልጁ በ8ኛ ክፍል ወንበር ላይ እየተሰላቸ ይቀር ነበር። ስንት እንዲህ ያለ ልጅ ይኖራል? ማንም ሊመልስ አልቻለም፤ ምክንያቱም ሁሉም «አሥር» ተብለው ተጽፈዋል።

ትልቁን ሚዛን ማውጣት

ስታንሊ በ1971 በጆንስ ሆፕኪንስ በሒሳብ ቀድመው የበሰሉ ልጆችን የሚያጠና ፕሮጀክት መሠረተ። በመጋቢት 1972 እሱና ተማሪዎቹ ከባልቲሞርና አካባቢዋ 450 ያህል፣ ከ12 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ልጆች ሰብስበው የኤስኤቲን የሒሳብ ክፍል አስፈተኗቸው። ብዙዎቹ ተምረውት የማያውቁትን ጥያቄ በራሳቸው አእምሮ ሲፈቱ ተገኙ። ጥቂት የማይባሉት ደግሞ ታዋቂ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚጠይቁት ነጥብ በላይ አመጡ። በክፍላቸው እኩል የነበሩት ልጆች በትልቁ ሚዛን ላይ ተበታተኑ። አንዱ 12 ኪሎ፣ ሌላው 50 ኪሎ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ፤ የዘዴው ብልኀትም ያለው በዚህ ነው። ለ12ኛ ክፍል ተማሪ አንድ የአልጄብራ ጥያቄ ሲቀርብለት መምህሩ ያሳየውን ስልት አስታውሶ ይሠራዋል። ተመሳሳዩን ጥያቄ አልጄብራ በቅጡ ላልተማረ የ12 ዓመት ልጅ ስጡት። የሚያስታውሰው ነገር የለም። ቁጥሮቹን እየገለበጠ፣ እየሞከረ፣ ንድፉን እየፈለገ መንገዱን ራሱ መጥረግ አለበት። ስለዚህ ወረቀቱ ያው ሆኖ የሚለካው ነገር ይለወጣል፤ ለታላቁ ትምህርት ይለካል፣ ለታናሹ ግን የማመዛዘን ኃይልን።

ዘዴው በፍጥነት ተስፋፋ። በ1979 ስታንሊ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ራሱን የቻለ ተቋም እንዲቆም አደረገ፤ ዛሬ የጆንስ ሆፕኪንስ የባለ ተሰጥኦ ወጣቶች ማዕከል የሚባለው ነው። ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ1980፣ ኖርዝዌስተርን በ1982 ተከተሉ። አሠራሩ በሁሉም ቦታ ተቀራራቢ ነበር። በየክፍላቸው ፈተና ከመቶ እኩዮቻቸው 95ቱን ወይም ከዚያ በላይ የቀደሙ ልጆች ይጋበዙ፣ ከፍ ያለውን ፈተና ይወስዱ ነበር፤ ውጤታቸው ወደ የትኛው የክረምት ትምህርት እንደሚገቡ ይወስን ነበር። በዚሁ ዘዴ በ1980ዎቹ የተፈተነ አንድ የአውስትራሊያ ልጅ በ8 ዓመቱ ከ800 ነጥብ 760 አምጥቷል። ስሙ ቴረንስ ታኦ ነው፤ በ2006 የሒሳብ ዓለም ታላቅ ክብር የሆነውን የፊልድስ ሜዳልያ ተቀበለ።

እንዲህ ያለው ስም ዓይን ይስባል፤ ጉግልን ከመሠረቱት አንዱ ሰርጌ ብሪንና የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግም በጆንስ ሆፕኪንሱ ማዕከል ፕሮግራሞች አልፈዋል። ነገር ግን የበለጠ የሚያስተምረው ለአሥርተ ዓመታት የዘለቀው ክትትል ነው። ካሚላ ቤንቦና ዴቪድ ሉቢንስኪ የስታንሊን ጥናት ተረክበው ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ከልጅነት እስከ ጉልምስና ተከተሉ። ያገኙት ውጤት ብዙ ሰው የሚያምነውን ይቃረናል። በችሎታ ከመቶ አንዱ የሆኑት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ከዚያ በላይ ልዩነት ትርጉም የለውም ይባል ነበር። በጥናቱ ግን ከመቶ አንዱ ውስጥ እንኳ በ13 ዓመታቸው የላይኛው ሩብ ላይ የነበሩት ከታችኛው ሩብ ይልቅ በኋላ ዘመናቸው የዶክትሬት ዲግሪ የያዙ፣ የምርምር ጽሑፍ ያሳተሙ፣ የፈጠራ ባለቤትነት ያስመዘገቡ ሆነው በብዛት ተገኙ።

ይሁን እንጂ ትልቁም ሚዛን ቢሆን የሚመዝነው ከሰማይ የወረደ ተሰጥኦን ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ 13 ዓመት ሳይሞላቸው በኤስኤቲ ሒሳብ 700ና ከዚያ በላይ ካመጡት መካከል 13 ወንዶች ሲገኙ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ትገኝ ነበር። ያኔ ብዙ ሰዎች ይህን የተፈጥሮ ሕግ አድርገው ወሰዱት። ከሁለት አሥርተ ዓመታት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ልዩነቱ ወደ 4 ለ 1 ወይም ከዚያ በታች ወረደ። የሴት ልጆች ተፈጥሮ በሃያ ዓመት አይለወጥም። የተለወጠው ቤተሰብ ለሴት ልጁ የሚገዛላት መጽሐፍ፣ መምህር ጥያቄ የሚሰነዝርላት ድፍረት፣ የሒሳብ ክበብ በር ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ነጥብ አንድ ነገርን በእርግጠኝነት ይናገራል፤ ይህ ልጅ ዛሬ ለዚህ ትምህርት ዝግጁ ነው። ዝቅተኛ ነጥብ ግን ልጁ ዝግጁ ሊሆን አይችልም ማለት አይደለም።

ዓመቱን በሦስት ሳምንት

ልጁ 50 ኪሎ መሆኑ ታወቀ። ከዚያስ?

በምዕራፍ 5 የጆን ካሮል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በ1963 ያቀረበው ቀላልና ኃይለኛ ሐሳብ። ትምህርት ቤት ለሁሉም ልጅ እኩል ጊዜ ይሰጥና የተለያየ ውጤት ይቀበላል፤ እንደ ካሮል ግን የልጆች ልዩነት በዋናነት አንድን ነገር ለመማር የሚያስፈልጋቸው የጊዜ ልዩነት ነው። እዚያ ሐሳቡ ያገለገለው ተጨማሪ ጊዜ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ነበር። የስታንሊ ሰዎች ያንኑ ሐሳብ ገለበጡት፤ ያነሰ ጊዜ የሚበቃው ልጅስ?

መልሱን በሁለት እርምጃ አዘጋጁት። መጀመሪያ ልጁ ገና ሳይማር የትምህርቱን ማጠቃለያ ፈተና ይፈተናል። ያወቀው ተለይቶ ይተዋል፤ የጎደለው ብቻ ተለቅሞ ይሰጠዋል። ከዚያ ሌላ ፈተና፣ ከዚያ ቀጣዩ ርዕስ። አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ሰኞ ተነግሮት፣ ማክሰኞ ተከልሶለት፣ ረቡዕ የቤት ሥራ ሆኖ አይጠብቀውም። ከ1972ቱ ፈተና በኋላ ጆሴፍ ዎልፍሰን የተባለ መምህር ጥቂት ልጆችን ይዞ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብቻ ያስተምር ጀመር። ከመካከላቸው በርካቶቹ በትምህርት ቤት አራት ዓመት ገደማ የሚወስደውን የሒሳብ ይዘት ከአንድ ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ጨረሱት።

የክረምቱ ፕሮግራም ይህን ወደ ሦስት ሳምንት ጨመቀው። በጆንስ ሆፕኪንሱ ማዕከል የተለመደው ቀን እንዲህ ነው፦ አምስት ሰዓት ያህል ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ ስፖርትና ጨዋታ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ክትትል ያለበት ጥናት። ተማሪው የሚወስደው አንድ ትምህርት ብቻ ነው። ሒሳብ የመረጠ ሦስቱን ሳምንት ሒሳብ ነው፤ ኬሚስትሪ የመረጠ ኬሚስትሪ። ደወል እየተደወለ በ40 ደቂቃ ከአንዱ ወደ ሌላው አይዘለልም። በ1986 የታተመ የስታንሊ ጥናት እንደሚያሳየው ወጣት ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃን የአንድ ዓመት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ ወይም ፊዚክስ በዚህ መንገድ በሦስት ሳምንት በቅጡ ሊማሩት ይችላሉ።

ይህን የሚሰማ ወላጅ መጀመሪያ የሚያስበው ጫናን ነው። ልጄ አይደክምም? ይደክማል። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ድካም አለ፤ አንዱ የሥራ ድካም ነው፤ ሌላውን፣ የመሰላቸትን ድካም፣ ዓመቱን ሙሉ ተሸክሞት የኖረው ስለሆነ ማንም አያየውም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ሊታ ሆሊንግዎርዝ ከስታንሊ ብዙ ቀድማ እጅግ ፈጣን የሆኑ ልጆች በተራ ክፍል ውስጥ ከጊዜያቸው ግማሹን፣ አንዳንዶቹም ሁሉንም ማለት ይቻላል፣ በከንቱ እንደሚያሳልፉት ጽፋለች። እንዲህ ያለ ልጅ የሚማረው መጥፎ ልማድ አለ፤ ሳይጥሩ ማግኘትን። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባድ ነገር ሲገጥመው እንዴት እንደሚጠና አያውቅም።

ለምን አዳሪ?

ፈጣን ትምህርት ከቤት እየተመላለሱም ሊሰጥ ይችላል፤ የዎልፍሰን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የሚመጡት። ታዲያ ዶርሙ ለምን አስፈለገ? ግማሹ ምክንያት ተራ ነው፤ እንዲህ ያሉ ልጆች በአንድ ከተማ ውስጥ ጥቂት ስለሆኑ ከሩቅ መሰብሰብ አለባቸው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ከሆፕኪንስ ወጥቶ ወደ ሌላ ፕሮግራም መሄድ ይሻላል።

አርኖልድ ሮስ በ1957 ክረምት፣ ስፑትኒክ ወደ ሕዋ ከመተኮሷ ጥቂት ወራት በፊት፣ በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮግራም ጀመረ። በ1964 ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወሰደውና ለአሥርተ ዓመታት በራሱ መራው። የፕሮግራሙ መርህ ቀላል ነገሮችን በጥልቀት ማሰብ ነው። እዚህ ፍጥነት አይታሰብም። ተማሪው ሳምንታቱን የሚያሳልፈው በአንድ ዘርፍ፣ በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ላይ ነው፤ ማለትም 1፣ 2፣ 3 እያሉ የሚቆጠሩት ተራ ቁጥሮች በሚደብቁት ምስጢር ላይ።

ምን ዓይነት ምስጢር? አንዱን እንውሰድ። ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉ ቁጥሮችን፣ ብቸኛ ቁጥሮች የሚባሉትን እናስብ፦ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17። ከእነዚህ የትኞቹ የሁለት ስኩዌር ቁጥሮች ድምር ሆነው ሊጻፉ ይችላሉ? 5 ይሆናል፤ 1 ሲደመር 4። 13 ይሆናል፤ 4 ሲደመር 9። 17ም ይሆናል፤ 1 ሲደመር 16። ሦስት፣ ሰባትና አሥራ አንድ ግን ቢገለበጡ ቢገላበጡ እምቢ ይላሉ። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ወረቀት አውጥቶ ሃያ ሠላሳ ቁጥር ቢሞክር አንድ ነገር ያስተውላል፤ ለ4 ሲካፈሉ 1 የሚተርፋቸው እሺ ይላሉ፣ 3 የሚተርፋቸው አይሉም። ማስተዋሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለምን ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚሆን፣ ለማያልቀው የቁጥር ሰልፍ ሁሉ ማረጋገጥ ግን ሌላ ነው፤ ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት የደከሙበት ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በክፍል ሰዓት አያልቅም። እራት ላይ ተከትሎ ይመጣል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አንዱ «አገኘሁት» ብሎ ከአልጋው ይነሣል፣ የዶርም ጓደኛው ወረቀቱን አይቶ ስህተቱን ያሳየዋል፣ ሁለቱም ይከራከራሉ። ከእነሱ ጋር የሚኖሩት አማካሪዎች ከዓመታት በፊት በዚያው ፕሮግራም ያለፉ ወጣቶች ናቸው፤ መልሱን አይነግሯቸውም፣ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብለው ይጠይቃሉ እንጂ። በ1989 በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፕሮሚስ የተባለው ፕሮግራም ከዚህ ከሮስ ዛፍ የወጣ ቅርንጫፍ ነው፤ ስድስት ሳምንት፣ ተመሳሳይ መንፈስ። አዳሪነቱ ለጥያቄው የሚያስፈልገውን የጊዜ ስፋት ይሰጣል።

ሌላም ነገር ይሰጣል፤ እኩያ። በትምህርት ቤቱ «ቀለሜዋ» እየተባለ ግማሽ ተመስግኖ ግማሽ ተገልሎ የኖረ ልጅ፣ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ቢያወራ ማንም ዓይኑን የማያጉረጠርጥበት ጠረጴዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኛል። በእነዚህ ፕሮግራሞች ያለፉ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሡት ትምህርቱን ሳይሆን ጓደኞቻቸውን ነው።

ከእኩያ ጋር መሆን ግን ዋጋ አለው። ሄርበርት ማርሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1984 ጀምሮ በተከታታይ እንዳሳየው፣ ልጅ ስለ ራሱ ችሎታ ያለው ግምት የሚመሠረተው በዙሪያው ባሉት ልጆች ነው። ሁልጊዜ አንደኛ የወጣ ሰቃይ ተማሪ ሁሉም አንደኛ በሆኑበት ክፍል ገብቶ ሃያኛ ሲሆን ግምቱ ይወርዳል፤ ችሎታው ሳይቀንስ። የመጀመሪያው ሳምንት የለቅሶ ሳምንት የሚሆንባቸው ልጆች አሉ። ጥሩ ፕሮግራም ይህን ያውቃል። ሰሜን ካሮላይና በ1963 በዊንስተን ሴለም የከፈተችው፣ በመንግሥት በጀት የሚደገፈውና በአሜሪካ የመጀመሪያው የሆነው የገዥው የክረምት ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው ማርክ የሚባል ነገር አልሰጠም፤ ፈተናም ደረጃም የለም። ልጆቹ አስቀድመው ተመዝነዋል፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ እንደገና እርስ በርስ ማመዛዘን ለምን ያስፈልጋል?

ሚዛኑ ጋር ያልደረሱት

የጆንስ ሆፕኪንሱ ማዕከል የሦስት ሳምንት አዳሪ ትምህርት ዋጋ ዛሬ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የእርዳታ ገንዘብ አለ፤ ግን ስለ እርዳታው ለማወቅም፣ ልጁን ለከፍተኛው ፈተና ለማስመዝገብም አስቀድሞ የሚያውቅ ወላጅ ያስፈልጋል። አንዲት እናት በሁለት ሥራ ስትሯሯጥ የምትውል ከሆነ፣ ልጇም መቶ ካመጣ፣ ምን የምትጠይቀው ነገር አለ? መቶ ነው፤ ሁሉ መልካም ነው። የጣሪያው ችግር በድሃ ቤት ላይ እጥፍ ሆኖ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ይህ የእነዚህ ፕሮግራሞች ትልቁ ጉድለት ነው፤ በመልካም ሥራቸው ሊሸፈንም አይገባም።

ሌላ መንገድ የመረጡ አሉ። የአሜሪካን የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች የገነባው አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር በ1984 ያስጀመረውና በኤም አይ ቲ የሚካሄደው የስድስት ሳምንት የምርምር ፕሮግራም ትምህርቱን በነፃ ይሰጣል። በ2011 በኒውዮርክ የተጀመረው ቢም ደግሞ የሚፈልገው ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰቦች የሚመጡ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎችን ነው፤ ከ7ኛ ክፍል በኋላ ሦስት ሳምንት በነፃ በኮሌጅ ግቢ አሳድሮ የማረጋገጥን ሒሳብ ያስተምራቸዋል። ቢም ወላጆች እስኪመጡ አይጠብቅም፤ ራሱ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ይሄዳል።

በዚያው በ2011 አዲስ አበባ ላይም አንድ ነገር ተጀመረ። ጄላኒ ኔልሰን በእናቱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ በኤም አይ ቲ የዶክትሬት ትምህርቱን በሚያጠናቅቅበት ጊዜ አዲስኮደርን መሠረተ። በኋላ በሃርቫርድ አስተምሮ አሁን በበርክሌይ ፕሮፌሰር ነው፤ ምርምሩም እጅግ ብዙ መረጃን በትንሽ የማስታወሻ ቦታ እንዴት ማጠቃለል እንደሚቻል ነው። አዲስኮደር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በክረምቱ አራት ሳምንት ይሰበስባል። ክፍያ የለውም። ተማሪው ከዚያ በፊት ኮድ ጽፎ እንዲያውቅ አይጠየቅም። ከመጀመሪያው መስመር ተነሥቶ በወሩ መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደሚማሯቸው የአልጎሪዝም ስልቶች ይደርሳል። አልጎሪዝም ማለት ኮምፒውተሩ አንድን ሥራ ከዳር እንዲያደርስ በቅደም ተከተል የሚሰጠው ትእዛዝ ነው።

ቀደም ሲል ስለ ኤስኤቲ የተባለው እዚህም ይሠራል። አልጎሪዝም ለሁሉም አዲስ ነው። በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የተማረውም፣ ላፕቶፕ ነክቶ የማያውቀው የክፍለ ሀገር ልጅም ያልተማሩትን ነገር ነው የሚጋፈጡት። አንድ ጥያቄ ወደ ትንንሽ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚከፋፈል ለማየት የሚያስፈልገው ማመዛዘን ነው። ልዩነታቸው ፈጽሞ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ እንግሊዝኛው አለ፣ በፊደል ሰሌዳው ላይ የጣት ፍጥነት አለ። ነገር ግን በሳምንታት ውስጥ ማንም ያልጠበቀው ልጅ ከፊት ብቅ የሚልበት ዕድል ይፈጠራል። ከአዲስኮደር ተማሪዎች መካከል በኋላ ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ የገቡ አሉ። በ2022 ተመሳሳይ ፕሮግራም ጃማይካ ላይ ተከፍቷል።

ክረምቱ ሲያልቅ

በሦስት ሳምንት አልጄብራን የጨረሰ ልጅ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወዴት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ ያንኑ አልጄብራ ወደሚማርበት ክፍል። ይህ የልብ ወለድ ሐሳብ አይደለም፤ የፕሮግራሞቹ አዘጋጆች ገና ከመጀመሪያው የተጋጩበት ችግር ነው። ወላጅ የክረምቱን የምስክር ወረቀት ይዞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይገባል፤ ርዕሰ መምህሩ በትምህርት ቤታቸው ያልተሰጠ ትምህርት እንደማይያዝ ይናገራል። ልጁ የሚያውቀውን ነገር ለመማር ለአሥር ወር ይቀመጣል።

መፍትሔ የተፈለገው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንዱ ክረምቱን ማራዘም ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነት ልጆች በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት አዘጋጀ፤ ይህም በ2006 በኢንተርኔት የሚያስተምር ሙሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወለደ። ሌላው ትምህርት ቤቱን ራሱን መለወጥ ነው፤ ልጁ የደረሰበትን ደረጃ ተቀብሎ ወደ ላይኛው ክፍል ማሳለፍ። በአገራችን «ደብል መምታት» የሚባለው ይኸው ነው፤ አንዳንዱ ቤተሰብ የሚኮራበት፣ አንዳንዱ የሚፈራው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አያስቸግርም። ልጅ ከትልልቆች መካከል ሲገባ ይገለላል፣ ይጨነቃል፣ ልጅነቱን ያጣል ይባላል። በ2004 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው ሰፊ ዘገባ አወጡ። ዘገባው ክፍል ማሻገር ለተዘጋጁ ልጆች ጥሩ ውጤት እንዳለው፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ማስረጃው እያለ እንደሚሸሹት ያትታል። ለየትኛው ልጅ፣ በየትኛው ዕድሜ፣ በአንድ ትምህርት ብቻ ወይስ በሙሉ ክፍል? ቀጣዩ ምዕራፍ የሚጀምረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።